ወረቀት የለበሰ አረር

አማቴ ወረቀት ሲልሱ ማየት ያስጠላኛል። በጋዜጠኝነት ሥራዬ ብዙ አስቀያሚ ነገር አይቻለሁ። የመኪና አደጋ ቦታ ቆሜ የዓይን ምስክር አነጋግሬያለሁ፣ ገና ጭሱ ያልበረደ አፓርትመንት ውስጥ ገብቼ ወጥቻለሁ። ያ ሁሉ ሆዴን አላወከውም። ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ባለው ንጹሕ ቤታቸው፣ በምግብ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ አዛውንት ምላሳቸውን አውጥተው ቀጭን ወረቀት ሲያርሱና በእርሳስ አረር ላይ ሲጠቀልሉ ግን አቅለሸለሸኝ።

አረሩ የሚተኮስበት ጠመንጃ ውጅግራ ነው፤ አንድ አንድ ጥይት የሚጎርስ የድሮ መሣሪያ። አባታቸው እንዲህ ያለውን ነበር የያዙት፤ እሳቸው ግን ልጅ ሳሉ እንዳይነኩት ተከልክለው ነው ያደጉት። ታክሲ መንዳት ትተው ጡረታ ሲወጡ ከአንድ የአሮጌ መሣሪያ ሰብሳቢ ገዙት። የዚህ ጠመንጃ ጥይት ሱቅ ውስጥ አይገኝም ማለት ይቻላል። እርሳስ አቅልጦ አረሩን ማውጣት፣ ከዚያ ወረቀት ማልበስ ያስፈልጋል። ወረቀቱ እርሳሱ የጠመንጃውን ብረት እንዳይነካ ይለየዋል፤ ሲተኮስም አፈሙዙ ላይ ተቀዳዶ ይበተናል። ሳይበተን አብሮ ከሄደ አረሩ መንገዱን ይስታል።

የትኛው አረር ይሻላል ብለው ጠየቁኝ። ሰው አነጋገርኩ፣ አነበብኩ። ንድፉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወገቡ ላይ ቀለበት የመሰሉ ቦዮች አሉት፤ የተሠሩት ቅባት እንዲይዙ ነው። ሌላው ጎኑ ልሙጥ ነው። ከታች ትንሽ ጎድጎድ ይላል፣ የወረቀቱ ጫፍ እዚያ ይታጠፋል። ወረቀቱ ሲጨመርበት የጠመንጃውን ቀዳዳ በልኩ እንዲሞላ ራሱ አረሩ ቀጠን ይላል። ለወረቀት የተሠራው ይህ ነው። ባለቦዩንም ወረቀት የሚያለብሱ አሉ፤ አንዳንዶቹ ይሳካላቸዋል። ይህንንም ነገርኳቸው፤ ደስ ብሎኝ ሳይሆን እውነት ስለሆነ። እሳቸው የሰሙት ይህችን ብቻ ነበር።

“አየህ! ራስህ አልከው። ጋዜጠኛ የተናገረውን አይክድም።”

“ጋሼ፣ አንዳንዶቹ ነው ያልኩት።”

“እኔም ከአንዳንዶቹ ነኝ።”

ለካ የባለቦዩን ሞልድ፣ የቀለጠው እርሳስ የሚፈስበትን ቅርጽ፣ ቀድመው ገዝተውት ኖሯል። እርሳሱን ደግሞ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ጎማ የሚቀይር የድሮ ወዳጃቸው ሰጣቸው፤ ጎማው እንዳይንቀጠቀጥ ከሚሰካበት የተነቀለ የባላንስ እርሳስ፣ ከነጭቃው ከነቅባቱ። ጋራዥ ውስጥ በአሮጌ ድስት ያቀልጡታል። ከላይ የሚንሳፈፈውን ግራጫ ቆሻሻ በሾርባ ማንኪያ ይገፍፉና ማንኪያውን እዚያው ያለ የሽንኩርት ከረጢት ላይ ያሳርፉታል። ከዚያ ሥራው ወደ ምግብ ጠረጴዛው ይገባል። ወረቀቱ ቦዮቹ ላይ አልተኛ ስለሚል እየላሱ፣ በአውራ ጣታቸው እየጫኑ፣ ጣታቸውንም መልሰው እየላሱ ያስገቡታል። መጨረሻ ላይ የቆየ ቅቤ ይቀቡታል። ከንፈራቸው ግራጫ ነው፣ ጥፍራቸው ሥር ጥቁር ነው፣ ቤቱ የከረመ ቅቤ ይሸታል።

ሆድ ማወክ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። እሑድ እሑድ እሳቸው ዘንድ እንበላለን፣ እሳቸውም ነፍሰ ጡር ልጃቸውን ሳያጎርሱ አይበሉም። ጣታቸውን ውሃ ስር አሳልፈው ይመጣሉ፤ ለእሳቸው ይህ መታጠብ ነው። እርሳስ ከእናት ወደ ጽንስ እንደሚያልፍ ባለቤቴ ከእኔ በላይ ታውቃለች፤ ነርስ ናት።

“አንተ ንገረው” አለችኝ መኪና ውስጥ። “እኔ የአባቴን ጉርሻ አልመልስም።”

“አማች ይመልስ?”

“አማችማ ቢቀየሙትም አማች ነው።”

ስለ ጉርሻው ከመናገር ስለ አረሩ መከራከር ቀለለኝ። አረር አቅልጦ ከሚሸጥ ባለሙያ ተሠርቶ ያለቀ ልሙጥ አዘዝኩ። ድስቱ ከቤት ይወጣል፣ የልሙጡም ወረቀት በእርጥብ ጨርቅ ስለሚርስ ምላስ አይፈልግም ብዬ ነው።

ከኦሮራ ከተማ በስተምሥራቅ፣ ቤቶች አልቀው ሜዳው የሚጀምርበት የተኩስ ቦታ ወሰድኳቸው። ባለቦዩን ተኮሱ። የዒላማው ወረቀት ላይ ያገኘነው ቀዳዳ ክብ ሳይሆን ረጅም ነበር፤ አረሩ በጎኑ ነው የመታው። ደጋገሙት፣ ያው ነው።

“ጠመንጃው አርጅቷል” አሉ።

ከልሙጡ እኔ ወረቀት ያለበስኩትን ሰጠኋቸው። ክብ ቀዳዳዎች፣ ተቀራርበው። አማቴ ቀዳዳዎቹን በጣታቸው ለኩ።

“ነፋሱ አሁን በረደ” አሉ። ሲመለሱ ግን ገና ወረቀት ያልለበሰውን ልሙጥ ኪሳቸው ከተቱ፤ በሳምንቱም ድስቱና ሞልዱ ከጋራዡ ጠፉ።

ተገላገልኩ ብዬ እሑድ ገባሁ። አማቴ ጠረጴዛው ላይ ልሙጡን ደርድረው ወረቀት ይልሳሉ።

“ጋሼ፣ ይኼኛው በእርጥብ ጨርቅ ነው እኮ።” ጨርቁን አርሼ አጠገባቸው አስቀመጥኩ። ከንፈራቸውን ጠረጉበት፤ ከዚያ ወረቀቱን ላሱ።

ምግብ ቀረበ። አረሩን ገፋ አደረጉ፣ ጣታቸውን ውሃ አስነክተው ተቀመጡ፣ ጠቅልለው ወደ ልጃቸው ዘረጉ። አፌን ልከፍት ስል ባለቤቴ ፊቷን አዞረች።

“አባዬ፣ አልጎርስም።”

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። “ምን አጠፋሁ?”

“እጅህ ላይ እርሳስ አለ። ለሆዴ መርዝ ነው።”

“ታጠብኩ እኮ።”

“ውሃ አያስለቅቀውም።”

ጥፍራቸውን አገላብጠው አዩ። ጉርሻውን ትሪው ዳር አስቀምጠው ተነሡ። ማድ ቤት ውስጥ ውሃው ረጅም ጊዜ ሲፈስ፣ ከዚያም መሳቢያ ሲከፈት ሰማን። ባለቤቴ ዓይኗን ከትሪው አላነሣችም። አማቴ ሲመለሱ ሹካ ይዘው ነበር።

በሹካው ጫፍ እንጀራውን ከወጡ ጋር ለመጠቅለል ታገሉ፤ ተበተነባቸው፣ እንደገና ሰበሰቡት።

“ጉርሻ በሹካ” አሉ። “ቱ! ለበሽተኛ መድኃኒት እንደመስጠት ያለ ነገር።” ፊታቸው ተጨማደደ፣ አፍንጫቸው ተሸበሸበ። ወረቀቱን ሲልሱ የእኔ ፊት የሚሆነውን ሆነ።

ባለቤቴ ጎረሰች።

አማቴ ሹካውን በጥላቻ አዩትና መልሰው ትሪው ውስጥ ሰኩት። “አንድ ጉርሻ ያጣላል” አሉ፣ ሁለተኛውን ለመጠቅለል እየታገሉ።