ሱሀይላ የሕፃናት ሐኪም የሆነችው እንዲህ ነው

ሱሀይላ ሀምዲን ሕክምና ስትማር ሕፃናትን ትፈራ ነበር። ትልቅ ሰው የት እንዳመመው ይናገራል፤ ሕፃን ግን ያለቅሳል እንጂ ምን ይላል? መርፌ ይዛ ወደ አንድ ጨቅላ ስትጠጋ እጇ ይንቀጠቀጥባት ነበር። ስለዚህ ተመርቃ ኮምቦልቻ በጠቅላላ ሐኪምነት ስትመደብ ሐሳቧ አንድ ነበር፤ ጥቂት አገልግላ የቆዳ ሐኪም መሆን። ደሴ ሸዋ በር ጨርቅ የሚነግዱት አባቷ ሐጅ ሀምዲንም ሐሳቧን ወደውት፣ ከሱቃቸው በላይ ያለውን ፎቅ ለክሊኒኳ ብለው ሳያከራዩ አስቀምጠውላት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ትንሽ ሴት ልጁን ታቅፎ ወደ ምርመራ ክፍሏ እየሮጠ ገባ። ምንይሉ ይባላል፤ ከኩታበር መጥቶ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በጫኝና አውራጅነት የሚሠራ ነው።

«ምን ሆነች?» አለች ሱሀይላ፣ ልጅቱን ተቀብላ አልጋ ላይ እያስተኛቻት።

«ውሃ ነው ዶክተር፤ ውሃ አልረካ አለች። ጀሪካኑን ብቻዋን ትጨርሰዋለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትሸና ታድራለች። ሥጋዋ አለቀ። ከትናንት ወዲህ ደግሞ ያስመልሳታል።»

«ስሟ ማን ነው?»

«አትጠገብ።»

አትጠገብ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ዓይኗ ጎድጉዷል፤ ሩጫ እንደጨረሰ ሰው በኃይል ትተነፍሳለች። ሱሀይላ ጣቷን ወግታ ደሟን ስትለካው ስኳሩ መሣሪያው ከሚቆጥረው በላይ ሆነ። በዚያን ቀን እዚያ ኢንሱሊን አልነበረም። ጉሉኮስ የሌለበት ፈሳሽ ከሰቀለችላት በኋላ ወደ ደሴ ሆስፒታል እንድትሄድ ጻፈችላት፤ ነርስ ትሸኛት ተብሎ ሳለም ራሷ አምቡላንሱ ውስጥ ገባች።

ወደ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ መኪናው ሲታጠፍ መርፌው ከልጅቱ እጅ ወጣ። ሱሀይላ ሹፌሩን አስቆመችው። ውሃ የጠማው ሰውነት ደም ሥሩ ይሸሻል፤ አንዱን እጅ ሞከረች፣ አልሆነም። ሌላውን ሞከረች። ምንይሉ ፊቱን አዙሮ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ይላል። በስተመጨረሻ እግሯ ላይ አገኘችው። «በል ንዳው!» ብላ ሹፌሩን ጮኸችበት። እጇ እንዳልተንቀጠቀጠ ያስተዋለችው ደሴ ከገቡ በኋላ ነው።

ደሴ ላይ የተቀበሏቸው ዶክተር አግማስ የሚባሉ ሽበታም የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። ሱሀይላ በዕረፍቷ ቀን ልጅቱን ልትጠይቅ ብትሄድ፣ አትጠገብ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ዳቦ ትበላለች።

«አንቺ ነሽ በመኪና ያመጣሽኝ?» አለቻት።

«እኔ ነኝ።»

«እግሬን አሳመምሽኝ እኮ።»

«አውቃለሁ፣ ይቅር በይኝ።»

ልጅቱ ትንሽ አሰበችና «እሺ» አለች፤ ዳቦዋንም ቀጠለች።

ሱሀይላ በዚያው ሳምንት የሕፃናት ሐኪም ልትሆን እንደወሰነች ለአባቷ ነገረቻቸው። ሐጅ ሀምዲን መነጽራቸውን አወለቁ።

«የሕፃናት? ወላሂ ሱሀይላ፣ አንቺ እኮ የእህትሽ ልጅ ሲያለቅስ ከቤት ነው የምትወጪ!»

«አዎ አባ። አሁንም ቢሆን እፈራለሁ።»

«ታዲያ?»

«ለቆዳው ብዙ ሰው አለ። ለሕፃናቱ ግን ደሴ ላይ ያሉት ዶክተር አግማስ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ደክመዋል።»

አባቷ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና «አላህ ያግዝሽ እንግዲህ» አሉ። በማግስቱ ፎቁን ለልብስ ሰፊ አከራዩት፤ ለአንድ ወር ያህልም አኩርፈዋት ከረሙ።

ትምህርቱ ጎንደር ነበር፤ ቀላልም አልሆነላትም። ኩፍኝ ያደቀቃቸው፣ ረሃብ ያሳበጣቸው ልጆች በእጇ ላይ ሞተዋል። አንድ ጊዜ ሕፃኑ የሞተባት እናት መጥታ «ለፍተሽለታል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብትላት፣ ሱሀይላ አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ገብታ አለቀሰች። ትታ ልትመለስም ሻንጣዋን ይዛ ነበር። እናቷ ሸሪፋ በስልክ «ነይ ካልሽ ነይ፤ ግን መጀመሪያ ተኝተሽ እደሪ» አለቻት። ተኝታ አደረች፤ ጠዋት ተረኛ ነበረችና ሄደች።

ደሴ ስትመለስ ዶክተር አግማስ ጡረታ ወጥተው ስለነበር፣ ስኳር ያለባቸውን ልጆች መከታተል የእሷ ድርሻ ሆነ። ከእነሱ አንዷ አትጠገብ ነበረች። ምንይሉ ፋብሪካውን ትቶ ወደ ኩታበር እርሻው ተመልሷል፤ ልጅቱም አድጋ መርፌዋን ራሷ ትወጋለች።

አንድ ሰኞ ግን ራሷን ስታ መጣች። ያው እንደ ድሮው፣ በኃይል እየተነፈሰች።

«መድኃኒቱን አቋረጣችሁባት!» አለች ሱሀይላ ተቆጥታ።

«ማርያምን! አንድ ቀን አላስተጓጎልሁም» አለ ምንይሉ። «መድኃኒቱን እንዳይሞቅ፣ እንዳሉኝ እርጥብ አሸዋ ባለው ገንቦ ነው የማስቀምጠው። ጠዋትና ማታ በእጇ ነው የምሰጣት።»

ልጅቱ ነቅታ ምግብ መቅመስ ስትጀምር፣ ሱሀይላ አባትዬውን ውጭ እንዲጠብቅ ለመነችው። ደስ አላለውም፤ ግን ወጣ።

«አትጠገብ፣ አልቆጣሽም። መርፌውን ምን አደረግሽው?»

ልጅቱ ብርድ ልብሱን ፊቷ ድረስ ሳበችው። «ጓሮ ሄጄ መሬቱን እወጋዋለሁ።»

«ለምን?»

«ከትምህርት አስቀሩኛ! መንገድ ላይ ትወድቂያለሽ ብለው። ታናሼ ይሄዳል፣ እኔ እቤት። ያለ መርፌ ከርሜ ድኛለሁ ብላቸው ይልኩኛል ብዬ ነው።»

ሱሀይላ ምንይሉን ጠርታ ነገረችው። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«አንዴ ከገበያ ስትመለስ ወድቃ አገኘኋት» አለ። «ከዚያ ወዲህ ከዓይኔ ስትርቅ ልቤ አይረጋም። ክፋት መስሎዎት ነው ዶክተር?»

«ክፋት አይደለም። ግን እቤት ስላስቀመጧት አልዳነችልዎትም።»

በሳምንቱ ሱሀይላ ፈቃድ ወስዳ በሚኒባስ ኩታበር ወደሚገኘው ትምህርት ቤት ሄደች። ርእሰ መምህሩ መጀመሪያ «እዚህ አንድ ነገር ብትሆንብን ማን ይጠየቃል?» አለ። አልፈረደችበትም። መምህራኑን ሰብስባ ልጅቱ ላብ ላብ ሲላት፣ ስትንቀጠቀጥ ምን እንደሚያቀምሷት፣ መቼ ወደ ጤና ጣቢያ እንደሚሮጡ አሳየቻቸው፤ ስልኳንም ሰጠቻቸው። ምንይሉ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሁሉንም ሰማ።

አትጠገብ መስከረም ላይ ተመዘገበች። ስኳሯ አሁንም በበዓል ሰሞን ይወጣል፤ ሱሀይላም ትቆጣታለች፣ ልጅቱም ትመልሳለች። ባለፈው ቀጠሮዋ ግን ጉዳዩ ሌላ ነበር፤ በቀረችበት ጊዜ ታናሿ ስለደረሰባት አንድ ክፍል ናቸው።

«አስተማሪው አጠገቤ አስቀመጠው» አለች ተናዳ። «ቦታ እንዲቀይሩልኝ ይደውሉላቸው።»

«እሱ የሐኪም ሥራ አይደለም» አለች ሱሀይላ። «ጣትሽን ስጪኝ።»