ማርሹ የጮኸበት የሺንሺቾ መንገድ

ሰኞ፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት፣ ሆሳዕና

እኔና ሹፌሩ ከሆሳዕና የተነሣነው በሁለት ጉዳይ ነው። አንደኛው በግልጽ የተነገረ ነው፤ ለአንጋጫ፣ ለዱራሜና ለሺንሺቾ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያዎች የፊደል መጽሐፍ፣ ጠመኔና ፋኖስ ማድረስ። ሁለተኛው ግን ለእኔ ብቻ የተነገረ ነው። የመሠረተ ትምህርት ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ወደ ቢሮው ጠርቶኝ በሩን ዘጋና፣ «ጓድ ታፈሰ፣ አንተ የንብረት ክፍል ነህ። ሹፌሩ ማርሽ እንዴት እንደሚያስገባ አጠገቡ ቁጭ ብለህ እይልኝ። ጥፋቱ የእሱ ከሆነ ጽፈህ አምጣ፤ ከመኪናው አውርደን ጥበቃ እናደርገዋለን» አለኝ።

ሹፌሩ ላምቤቦ ይባላል። የሞርሲቶ ሰው ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሲነዳ ዶሮ እንኳ ገጭቶ አያውቅም። ከክረምቱ መግቢያ ወዲህ ግን ባለ ሸራዋ መኪናችን ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ጆሮ የሚበሳ ድምፅ ታሰማለች። ብረት ከብረት ሲፋጭ ማለት ነው። ሆሳዕና ያለ አንድ መካኒክ የካምቢዮውን፣ የማርሽ ሣጥኑን፣ ዘይት ቀየረላት፤ ወይ ፍንክች። ካምቢዮው ወርዶ አዲስ አበባ ይሂድ ተባለ። በዚያ በደርግ ዘመን የመንግሥት ንብረት ሲበላሽ ደግሞ አበላሹ ይፈለግ ነበር፤ «አሻጥር» የሚለው ቃልም ከአፍ ሩቅ አልነበረም።

ዓርብ ዓርብ በውይይት ክበብ ሂስና ግለ ሂስ እናደርጋለን። ባለፈው ወር ላምቤቦ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ «በቸልተኝነት ማርሽ አበላሽቻለሁ፤ ራሴን አርማለሁ» አለ። ከመካከላችን መኪና መንዳት የሚያውቅ አንድም ሰው የለም፤ ሂስ ያልሰጠውም አንድም ሰው የለም። እኔም «እጅህ ይከብዳል» ብየዋለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ስለ ራሴም ልናገር። ጭቃ አልወድም። ሚስቴ «አንተ እኮ ከጭቃ ጋር ደም ተቃብተሃል» ትለኛለች። ክረምቱ ሲገባ የመኪናዋ ወለል ማጥ ሲሆን አላስችል ብሎኝ፣ ከገበያ በአራት ብር ጅባ የሚባለውን ከእንሰት የተሠራ ወፍራም ምንጣፍ ገዛሁ። ከሹፌሩ እግር ሥር አጥፌ፣ ደርቤ፣ ዳርና ዳሩን በቢላ አስተካክዬ አነጠፍኩት። በንብረት መዝገብ አስገባሁት፤ ላምቤቦንም «ይቺን ጅባ ያነሣህ ቀን እንጣላለን» ብዬ አስጠነቀቅሁት። ያየ ሁሉ መኪናዋ ሳሎን መሰለች አለ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ከቀኑ አምስት ሰዓት ተኩል፣ አንጋጫ

የዶዮገናን ዳገት ስንወጣ ግራና ቀኙ እንሰት ብቻ ነው። ከቅጠሉ መሐል የሣር ቤቶች አናት ብቅ ብቅ ይላል። ጭጋጉ ገና አልተነሣም ነበር። እኔ ግን አገር ላይ ዓይኔን የምጥልበት ፋታ አልነበረኝም፤ ማርሹ በጮኸ ቁጥር ደብተሬ ላይ አንድ መስመር አሰምራለሁ።

አንድ ነገር አየሁ። ላምቤቦ ማርሽ ሊቀይር ሲል መንገዱን ትቶ ለአፍታ እጁን ያያል።

«እጅህን ምን ታየዋለህ? መንገዱን እይ እንጂ!» አልኩት።

«ጥፋቱን ሲሠራ ልይዘው ብዬ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

አንጋጫ መጽሐፉን አስረክበን ቆጮ በአይብና በጎመን በላን፤ ለአንድ ሰው ሰባ አምስት ሳንቲም። የምግብ ቤቱ ባለቤት ደብተሬን ሰረቅ አድርጋ አየችና ላምቤቦን በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ፣ «ይሄ ሰውዬ ሲበላም ይጽፋል እንዴ? ምንድን ነው ሥራው?» አለችው።

«የማርሽ ጸሐፊ ነው» አላት።

«በል እንግዲህ ቀስ ብለህ ጉረስ፤ እሱንም ይጽፈዋል!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ደብተሩን ግን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁት።

ማክሰኞ፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት፣ ከዱራሜ ቁልቁል

ዱራሜ በሁለት ብር አልጋ አደርን። ጧት ሐምበርቾ ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሌሊቱን ግን ዘንቦ መንገዱ እንደ ሳሙና አድልጦ ነበር። ጅባው ውኃና ጭቃ ሲጨመርበት ይበልጥ አብጧል። እኔም ጠረግሁት፤ አላነሣሁትም።

ወደ ሺንሺቾ ስንወርድ አንድ ቁልቁለት ላይ ላምቤቦ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ሊመልሳት ሞከረ። ጮኸች፤ አልገባም። ደግሞ ሞከረ፤ አሁንም እንቢ። ያለ ማርሽ መንሸራተት ጀመርን። ከፊታችን ቅቤ በቅጠል ጠቅልለው የተሸከሙ አራት ሴቶች በመንገዱ መሐል ይሄዳሉ። «ኧረ በማርያም!» ብዬ ጮኽኩ። ላምቤቦ ጥሩንባውን ነፍቶ፣ ፍሬኑን ረገጥ ለቀቅ እያደረገ፣ መኪናዋን ከመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ግድግዳ ጋር አላትሞ አቆማት። ሰው አልተነካም። አንድ ካርቶን ጠመኔ ተሰባበረ። ሴቶቹ በራሳቸው ቋንቋ የሚገባንን ያህል ሰደቡንና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ደብተሬን አወጣሁና «ጥፋቱ የሹፌሩ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ላምቤቦ አየኝ። ፊደል እንደቆጠረ ረስቼ ነበር።

«ጋሼ፣ አራት ልጆች አሉኝ» አለኝ በዝግታ። «ይጻፉ፣ አልከለክልዎትም። ደብተሩን ከመዝጋትዎ በፊት ግን ሺንሺቾ ያለ አንድ አዋቂ ይያት። እሱ ጥፋቱ ያንተ ነው ካለኝ ቁልፉን ራሴ አስረክባለሁ።»

ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ ሺንሺቾ

አዋቂው ጋሽ ሄራሞ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ጋራዥ የላቸውም፤ ከግቢያቸው አንድ ትልቅ ዋርካ አለ፣ ከሥሩ የብረት ሣጥን። ሙያውን የት እንደተማሩ ስጠይቃቸው «መንግሥት ሚሲዮኑን ከመዝጋቱ በፊት» አሉና ወደ መኪናዋ ዞሩ። እሱን ደብተሬ ላይ አላሰፈርኩትም።

ሌላው ሰው ሁሉ ካምቢዮው ይውረድ ሲል እሳቸው መፍቻ እንኳ አላነሡም። «ሞተሩን አጥፋ» አሉት ላምቤቦን። «አሁን ሁሉንም ማርሽ ተራ በተራ አስገባልኝ።»

አስገባ። ቅቤ ላይ እንዳለፈ ቢላ ሁሉም ያለ ድምፅ ገባ።

«አሁን አስነሣና አስገባ።»

ጮኸች።

«እንግዲህ ካምቢዮው አልታመመም» አሉ። «ቢሰበር ኖሮ ሞተሩ ጠፍቶም ያስቸግር ነበር። ፍሪሲዮኑ ነው የማይለቀው። በእግር ሲረገጥ ሞተሩና ማርሹ መለያየት አለባቸው፤ እነዚህ አልተለያዩም። የሚሽከረከር ብረት ውስጥ ብረት ስታስገባ ምን ይሁን ብለህ ነው?»

ከሥር ገብተው አዩ፤ የሚፈስ የለም፣ የላላ የለም። ግራ ገባቸው። «እስቲ እኔ ልንዳት» ብለው ሊገቡ ሲሉ ጫማቸውን አዩ፤ ዘይት ነው። «ይቺን የመሰለች ጅባ በዘይት አላበላሽም» አሉና ጠቅልለው ወደ ጎን አደረጓት። ከግቢያቸው አጠገብ ያለውን የገበያ ሜዳ ሁለት ጊዜ ዞሩ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ወደ ኋላም ቢሆን ኮሽ አላለችም።

ሰው ተሰብስቦ ነበር። «መኪናዋማ ደህና ናት!» አለ አንዱ። ላምቤቦ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ፣ ሥርዓት ወዳዱ፣ ሽማግሌው ሲወርዱ ጅባዬን አራግፌ፣ አጥፌ፣ ደርቤ፣ በቦታዋ መለስኳት።

«በል አንተ ሞክራት» አሉት።

ላምቤቦ ገባ፤ እጁን እያየ ማርሽ አስገባ። ጮኸች። ሜዳው በሳቅ አወካ። «እጁ ነው! እጁ ነው!» ይላሉ። ላምቤቦ ሞተሩን አጥፍቶ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ሲያለቅስ ይሁን ሲጸልይ አላውቅም፤ ልቤ ግን ተሰበረ።

ጋሽ ሄራሞ ብቻ አልሳቁም። ከመሬት ጭራሮ አንሥተው በበሩ በኩል ጎንበስ አሉና የፍሪሲዮኑን ፔዳል በእጃቸው ገፉት። ቆመ። ጭራሮውን ከጎኑ አድርገው ለኩ። ከዚያ ጅባውን አውጥተው እንደገና ገፉት፤ ፔዳሉ ብዙ ወረደ። ጭራሮውን ከፍ አድርገው ልዩነቱን በጣታቸው አሳዩን።

«አራት ጣት» አሉ። «ይሄ ጅባ አራት ጣት መንገድ ወስዶበታል። እግሩ ወለል የነካ ይመስለዋል እንጂ አልደረሰም። ይሄን ማን ነው ያነጠፈው?»

ላምቤቦ ቀና አለ። አየኝ፤ ግን ስሜን አልጠራም። ሜዳው ሁሉ መልስ ይጠብቃል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ በመጨረሻ።

«እርስዎ?» አሉ ሽማግሌው። «ለምን?»

«እንዳትቆሽሽ ብዬ።»

ፈገግ አሉ። ላምቤቦ ያለ ጅባ ሜዳውን ዞረ። አንድም ጊዜ አልጮኸችም። ጋሽ ሄራሞ ክፍያ አልቀበል ብለው፣ «ምን ሠራሁና? ምንጣፍ አነሣሁ እንጂ» አሉ። የተሰባበረውን ጠመኔ ግን ለልጅ ልጆቻቸው ጠየቁን፤ ሰጠናቸው።

ረቡዕ፣ ወደ ሆሳዕና ስንመለስ

በመልሱ መንገድ ማርሹ አንድም ጊዜ አልጮኸም። ጅባው ከኋላ ተጠቅልሎ ከፋኖሶቹ ባዶ ሣጥን ጋር ይነጥራል። ዶዮገና ስንደርስ ላምቤቦ ተናገረ።

«ጋሼ፣ "ተስተካክሏል" ብለው ብቻ ይጻፉ። ይበቃል። እርስዎን ለምን ይጠይቁ?»

እውነቱን ለመናገር እኔም ከሺንሺቾ ጀምሮ የማስበው ያንኑ ነበር። ጥሩ ቃል ነው፤ ማንም አይነካበትም። በዚያ ጊዜ «ንብረት ያበላሸው እኔ ነኝ» ብሎ መጻፍ የዋዛ ነገር አይደለም።

«አንተስ ምን ይበጅሃል?» አልኩት።

«ያን ዓርብ ግለ ሂስ ሳደርግ መጀመሪያ ለአፌ ያህል ነበር። ሁላችሁም "አዎ፣ አንተ ነህ" ስትሉኝ ጊዜ ግን አመንኩ። አሥራ አንድ ዓመት ያበላኝን እጄን ጠረጠርኩት። ቤቴ ሲኒ ሳነሣ እንኳ አየው ነበር።»

ከዚያ በኋላ «ተስተካክሏል» የሚለው ቃል አልጣመኝም። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ቢኖር ይሄ ነው፤ ለንብረቱ ስጨነቅ ሰውየውን እየረገጥኩት ነበር፣ አላየሁትም።

ዓርብ፣ ሆሳዕና

ጅባውን በብብቴ ይዤ ስብሰባ ገባሁ። «ጓዶች፣ ግለ ሂስ አለኝ» ብዬ ከእነ ጭራሮው፣ ከእነ አራት ጣቱ ነገርኳቸው። ሒሳብ ሹሙ ሳቁን ሊይዝ አልቻለም። የክበቡ ሊቀመንበር የሆነው ኃላፊያችን ግን አልሳቀም።

«ታዲያ ይሄን አሻጥር ልበለው?» አለኝ።

ላምቤቦ እጁን አወጣ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ጅባው ሲነጠፍ እኔም ነበርኩ። እግሬን አሙቆልኝ አመስግኜ ነው የተቀበልኩት። ሁለታችንም መኪናዋን ስለወደድናት ነው።»

ሊቀመንበሩ ጅባውን ተቀብሎ አገላበጠው። ከዚያ ለቃለ ጉባኤ ጸሐፊው፣ «ሹፌሩ በሥራው ይቀጥል። ጅባው ለስብሰባ አዳራሹ ይዋል። ጓድ ታፈሰ ከማንጠፉ በፊት ሰው ይጠይቅ። ጻፍ» አለው። ተጻፈ። እስካሁን በመዝገብ ይኖራል ብዬ አስባለሁ።

በሳምንቱ ከላምቤቦ ጋር ወደ ሞርሲቶ ወጣን። ከእግሩ ሥር ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ዓይኔን ጨክኜ ከዚያ አነሣሁ። ስለ እናቱ የእንሰት ማሳ እያወራኝ፣ እየሳቀ፣ ዳገቱ ላይ ሁለተኛ አስገባ፣ ወዲያው ሦስተኛ። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ፤ ምንም የለም። እሱ ወሬውን አላቋረጠም። እጁንም አላየም።