የእትዬ አለሚቱ ቁምሳጥን

ቀለሙ እንዳያብረቀርቅ ጠመኔ ፈጭቼ ስበጠብጥበት ሽታው የድሮ ጣዕሙን ምላሴ ላይ መለሰው። የምቀባው የአክስቴን የእትዬ አለሚቱን የዋንዛ ቁምሳጥን ነው።

ከዋጫ ወደ ቦንጋ፣ እሳቸው ዘንድ ለትምህርት የመጣሁት በሰባት ዓመቴ ነው። አንድ ቀን ከክፍል ባመጣሁት የጠመኔ ስባሪ፣ መስታወት በሚመስለው ቫርኒሽ ላይ ስሜን ጻፍኩ። መኝታ ቤት ገብተው ሲያዩ አልጮኹም። ማጅራቴን ይዘው፣ "በምላስሽ አጥፊው" አሉኝ። ላስኩት። ጠመኔው ምራቄን መጠጠው፤ ቫርኒሹ መረረኝ።

"ቁምሳጥኑ የራሴ ነው" አሉ ከኋላዬ። "አንቺ ግን የሰው ነሽ።"

የማን እንደሆንኩ ሳስብ ዋልኩ።

አሁን ጉልበታቸው ደክሞ፣ የሚጦራቸው ጠፍቶ እኔ ቤት ናቸው። ቁምሳጥኑንም ይዘውት መጡ። ቫርኒሹን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ሁለቱን በሮች ነጭ ቀብቼ እንደጨረስኩ፣ በከዘራቸው እየተደገፉ መጥተው ነኩት። ጣታቸው ነጣ።

"ማን ፈቀደልሽ?"

"ቁምሳጥኑ የእርስዎ ነው፣ እትዬ" አልኳቸው። "ቤቱ ግን የእኔ ነው።"

ጣታቸውን አዩት። "እስኪ ጨርቅ አቀብይኝ" አሉ።

ጨርቁ እጄ ላይ ነበር። አላቀበልኳቸውም።