የእናትነሽ እርጥብ ጆንያ

ወሩ መጋቢት ነበር። የዚያን ዕለት ጋምቤላ ላይ ቅጠል የሚያነቃንቅ ንፋስ ጠፍቶ፣ ከባሮ ዳር ያሉት ዛፎች ቀጥ ብለው ቆመዋል። ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ ቋ ቋ ይላል። እናትነሽ የቬንቲሌተሩን ቁልፍ ደጋግማ ብትጫንም አልዞር አላት።

ቬንቲሌተሩ ለሰው አልነበረም። የሚነፍሰው ከቴሌቪዥኑ ሥር ለተቀመጠው የጌም ማሽን ነው።

ክልሉ ገና አዲስ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ባሏ እንየው ከጎጃም መጥቶ የተቀጠረ የቢሮ ጸሐፊ ነበር። ሙቀቱ አልስማማ ብሎት በየዓመቱ «ዝውውር እጠይቃለሁ» ይላል። እሷ ግን በሰፈራ ጊዜ ጋምቤላ አጠገብ ወዳለችው አቦቦ መጥታ ያደገች፣ እናት አባቷንም እዚያው የቀበረች፣ ትምህርቷን ከአምስተኛ ክፍል የተወች ሴት ናት፤ ሌላ አገር አታውቅም። ወንድሙ ማሽኑን ከአዲስ አበባ ከላከለት በኋላ እንየው የዝውውርን ነገር ተወው። የፊት ክፍላቸው ጌም ቤት ሆነ። ከቢሮ ሲወጣ እየሮጠ ይመጣል፤ ከጎረምሶቹ እኩል ኳስ ይጫወታል፣ እኩል ይጮሃል። እናትነሽም ማሽኑን ወደደችው። ማሽኑ እስካለ ባሏ አለ።

ማሽኑ ግን እንደ ባለቤቱ ሙቀት አይችልም። ሲግል ምስሉ ቀጥ ይላል፤ ተጫዋቹ እግሩን እንዳነሣ ደርቆ ይቀራል። እንየው በጀርባው ገልብጦ ጡብ ላይ ያስቀምጠዋል፣ በየመሀሉ ያሳርፈዋል፣ እንደ ታመመ ልጅ ግንባር በእጁ ጀርባ ይዳስሰዋል። ለስልጠና ጅማ ሲሄድ ያላትም ይህንኑ ነው።

«እናትዬ፣ እንዳይግልብኝ አደራ።»

እሱ በሄደ በማግስቱ ነው እንግዲህ ቬንቲሌተሩ የተቃጠለው።

«እትዬ፣ ይቺ ማሽን ከእኔ በላይ ሞቋታል እኮ!» አላት ኩዌት የሚባለው ጎረምሳ ደንበኛዋ፣ ረጅም እግሩን አጥፎ በርጩማ ላይ እንደተቀመጠ።

«ባሮ ውሰጃት፣ ትዋኝ» አለ ጓደኛው ሪክ።

«አዞ ቢበላትስ?»

«አዞ ኳስ አይችልም። አንተም አትችልም። አራት ለዜሮ!»

እናትነሽም ሳቀች። ዓይኗ ግን በር ሥር ካለው ጀሪካን ላይ አረፈ። በዚያ አገር ውኃ የሚቀዘቅዘው ጆንያ ለብሶ ነው፤ ጆንያውን አርጥበው ጥላ ሥር ቢያቆሙት፣ ቀትር ላይ እንኳ ጥርስ የሚነካ ውኃ ይጠጣሉ። ከልጅነቷ የምታውቀው ይህንን ነው። ጆንያውን ነክራ፣ ጠብታ እስኪያጣ ጨምቃ፣ ማሽኑን አለበሰችው።

ሠራላት! ምስሉ መቆሙን ተወ። ጆንያው በደረቀ ቁጥር ታረጥበዋለች። ልጆቹ «እትዬ ኢንጂነር» አሏት። እንየው ሲመጣ እስክታሳየው ቸኮለች።

እሱ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ማሽኑ ቸስ ብሎ ዝም አለ። በኋላ ቢነካኩት፣ ቢያሳርፉት አልነሣ አለ።

እንየው መጥቶ ፈታው። ውስጡ ረጥቧል፤ ቦታ ቦታው ዝጓል።

«ጆንያ?» አለ።

«ውኃውን ያቀዘቅዘው የለ?»

«ውኃ ውኃን ምን ያደርገዋል፣ እናትዬ።»

«ስደበኝ እንጂ!»

«ምን ብዬ?»

ቢጮህባት ይቀላት ነበር። ማሽኑን በካርቶን አሽጎ፣ «አዲስ አበባ አሠርቼው እመለሳለሁ» አላት። አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሸኘችው። ሻንጣውን ለጫኞቹ ሰጠ፤ ካርቶኑን ግን ከእጁ አላወጣም።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን የቢሮው ዘበኛ ገበያ ላይ አገኛትና፣ እንየው ዝውውሩን እንደጨረሰ ነገራት። ደብረ ማርቆስ ነው አሉ። ማሽኑም ተሠርቶለታል፣ እዚያ ጌም ቤት ከፍቷል፤ ብርድ አገር ስለሆነ ቬንቲሌተር አያሻውም።

«እንኳን ተሠራለት» አለች። የገዛችውን ሽንኩርት እዚያው ትታ ወደ ቤቷ ሄደች።

እናትነሽ አሁን አቦቦ ናት። አልዌሮ ግድብ አጠገብ ባለው የሩዝ እርሻ ለቀን ሠራተኞች ምግብ ታበስላለች። ብቻዋን ትኖራለች።