አያቴ ሰንጠረዡን ያራገፉ ዕለት

ልጅ ሳለሁ፣ ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን፣ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ከሽንዲ በታች ወዳለው ቆላ ወርዶ በዳስ ይኖር ነበር። ነበልባሉ ከሩቅ እንዳይታይ እሳቱ በጊዜ ይዳፈንና በፍሙ ብርሃን ብቻ እናመሽ ነበር። ያኔ አያቴ ቀኛዝማች ይመርና ጎረቤታችን ግራዝማች አድማሱ አመሻሽ ላይ ሰንጠረዥ ይጫወታሉ፤ ያሸነፈ የዚያን ምሽት ተረት ያወጋል። የሰፈሩ ደንብ ይህ ነበር።

የግራዝማች ተረት ሁልጊዜ ስለ ገዛ በቅሏቸው ነው። የአያቴ ግን ወንድሙን ፍለጋ ስለ ወጣ ጎልማሳ ነበር፤ በዋዜማው ሰውየውን በበሬ ጅራት አንጠልጥለው ዓባይ መካከል ካደረሱት በኋላ «የቀረውን ነገ» ብለውን ነበር። ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር አላሰብሁም።

የሰንጠረዥ መጀመሪያው ወረራ ይባላል፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ተራ የለም፣ ሁለቱም እየተሻሙ ያንቀሳቅሳሉ። አያቴ ፈረሳቸውን ገና ሲያሳርፉ ግራዝማች ላፍ አደረጉት።

«እጄ አልተነሣም!»

«ወረራ ላይ እጅዎ ካንቀላፋ እኔ ምን ላድርግ፣ ቀኛዝማች?»

«ይመልሱ ብያለሁ!»

«ጣሊያንን ቀኑን ሙሉ አድፍጠው የሚጠብቁ ሰው፣ ለአንድ የእንጨት ፈረስ እንዲህ ይሆናሉ?»

ከብቦ የሚያየው ሁሉ ሳቀ። አያቴ ቀዩን የሰንጠረዥ ጨርቅ በጫፉ ይዘው አራገፉት፤ ንጉሡ ፍሙ ውስጥ ወደቀ።

ግራዝማች ንጉሡን በእንጨት ስበው አወጡና እንባዬን አይተው፣ «ያሸነፍሁትን የተረት ተራ ለእርስዎ ሰጥቻለሁ፤ ለልጁ ሲሉ ሰውየውን ያሻግሩት» አሉ።

«በችሮታ ተራ አፌን አልከፍትም!» አያቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፊታቸውን አዞሩ።

«አባየ፣ መሻገሩን ብቻ ይንገሩኝ!» ብዬ እግራቸውን ይዤ ለመንሁ። እግራቸውን ከእጄ ሳቡ። እኛም ያችን በቅሎ እንደ ገና ሰማናት።

በማግሥቱም በሳምንቱም ጠየቅሁ። «ባለተራው ይጨርስልህ» ነበር መልሳቸው፤ ባለተራው ደግሞ ተረቱን አያውቁትም። ጠላት ወጥቶ፣ ወደ ርስታችን ተመልሰን፣ ግራዝማችም አርፈው፣ እኔ ትምህርት ቤት የገባሁ ጎረምሳ ከሆንሁ በኋላ አንድ ጊዜ ደግሜ ብጠይቃቸው፣ ቀና ብለው አዩኝና «ረስቼዋለሁ» አሉ።

አያቴ ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት የሚቈጥሩ፣ የተጣሉትን ሰው ሁሉ ከነምክንያቱ የሚያስታውሱ ሰው ነበሩ። አልረሱትም። ስማቸውን በክብር እጠራለሁ፤ ይህን ግን እስከ ዛሬ አልተውሁላቸውም።