አባዬ በማግኔት ያልፈተነው ቧንቧ

ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ስሰማ እስካሁን ሰው መጠርጠር ይቃጣኛል። ባለፈው ሳምንት የእጅ መታጠቢያዬ ቧንቧ መንጠባጠብ ሲጀምር፣ የአዳማው የልጅነት ቤታችን ከነሙቀቱ፣ ከነጭቅጭቁ ተመልሶ መጣብኝ።

በበጋ ሰፈራችን ውኃ የሚያገኘው በፈረቃ ስለነበር፣ አባዬ ተራችን ሲደርስ ታንከሩ እስኪሞላ ከሥሩ አይነቃነቅም ነበር። ጠዋት ተነስቶ በጣቱ ሲያንኳኳው የባዶ ድምፅ ከሰጠው ግን ጉድ ይፈላል። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ በደንብ ሳይዘጋ እየተንጠባጠበ ያድር ነበር። ውኃውን የሚዘጋውን ላስቲክ፣ ጎሚኒውን ቢቀይረውም ለውጥ ስላልነበረ ጥፋቱ የሰው ነው አለና፣ መጀመሪያ እኔንና ወንድሜን፣ ቀጥሎም ሰርቪስ ቤቱን ተከራይቶ መታጠቢያ ቤታችንን የሚጋራውን አስተማሪ ጠረጠረ። ከመታጠቢያ ቤት በወጣን ቁጥር ተከትሎ ይፈትሽ ነበር፤ እኔም በበኩሌ ወንድሜን እሰልለው ነበር።

ክረምት ገብቶ ውኃው ሲሻሻል እንኳ ጥርጣሬው አልበረደለትም። እማዬ ቤት ውስጥ ሹሩባ እየሠራች ቤተሰቡን ትደግፍ ነበር፤ ለራሷ ምንም ጠይቃ አታውቅም። ያን ክረምት ግን ደንበኞቿን «ነገ ኑ» እያለች መመለስ አበዛችና፣ አንድ ቀን ድንገት «ለመታጠቢያው ያ እጀታው ወደ ላይ የሚነሳው ሚክሰር ቧንቧ ይገዛልን» አለች።

አባዬ ዓይኑን አጥብቦ አያት። «ሙቅ ውኃ በሌለበት ቤት ሚክሰር ምን ሊያደርግልሽ ነው? ጎረቤት አይተሽ ነው አይደል?»

እሷ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከትታ ወደ ማጀት ገባች፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠረው።

መስከረም ሲጠባ አባዬ ቧንቧውን ራሱን ለመቀየር ወሰነና፣ እሱ፣ እማዬና እኔ ወደ ሳኒተሪ ዕቃ ሱቅ ሄድን። አባዬ ከተበላሸ ሬዲዮ ያወጣት ማግኔት ነበረችው፤ ናስ ነው ተብሎ ብረት እንዳይሸጥለት ማግኔቷን የማያስጠጋበት ዕቃ አልነበረም። ባለሱቁ የወሎ ሰው ነበር፤ «ወላሂ ጋሼ፣ ዕቃዬን እንደ ሌባ ፈተሹት እኮ!» ብሎ ሳቀ። አባዬ አልሳቀም። በእጅ የሚዞር፣ ከበድ ያለ ቧንቧ መረጠና ወደ እማዬ ገፋው።

«ይሄ ይሻላል። እስኪ አዙሪው።»

አዲስ ስለሆነ ጠጠር ያለ ነበር። እማዬ በአንድ እጇ ሞከረች፣ ከዚያም በሁለቱም ያዘችው፤ ጣቶቿ አልጨብጥ አሏት፤ እጀታው አልዞረም። ቀና ሳትል አጠገቡ የነበረውን ሚክሰር በእጇ ጀርባ ገፋ አደረገችው፤ ወዲያው ተነሳላት። የቤታችንን ቧንቧ ሳታጠብቅ የምትተወው እሷ እንደነበረች ያን ጊዜ ገባን።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት አባዬ፣ ያበጡትን የጣቶቿን መገጣጠሚያዎች እያየ።

«ከጥምቀት ወዲህ። እጇ ደከመ ከተባለ ማን ፀጉሩን ይሰጠኛል ብዬ ነው የደበቅኩት።»

አባዬ ማግኔቷን ኪሱ ከተተና «ሚክሰሩን ጠቅልልልን» አለ።

«አልፈተኑትም እኮ ጋሼ!»

«ይቅር» አለ። ቤት ስንደርስ ተከራዩ በር ላይ ቆሞ ሰላም ሲለን፣ አባዬ ከወትሮው ረዘም አድርጎ እጁን ጨበጠው። እኔ ግን እንባዬ መጥቶ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ዛሬ እማዬ ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ ፀጉሯን የምሠራት እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከእማዬ ጋር አዲስ ሚክሰር ልገዛ ስሄድ የአባዬን ማግኔት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነበር፤ ባለሱቆችን እንደሆነ እኔም አላምናቸውም። አባዬ ያኔ አስቀድሞ የሚያስጠጋው ማግኔቷን ነበር። እኔ ግን ማግኔቷን ሳላወጣ እማዬን ወደ ባንኮኒው አስጠጋኋትና «እስኪ እጀታውን አንሺው» አልኳት።