ከጉድጓድ የወጣ ስም

የእህቴ የልጅ ልጅ ስሟን ያጣችው በስምንት ዓመቷ ነው። ሞክሼዋ የነበረች አሮጊት ዘመዳችን ስትሞት፣ እንደ ደንባችን ስሙን መጥራት ተውን። የሟች ስም ሲጠራ ሐዘኑ እንደገና ይቀሰቀሳል። ስለዚህ በሕይወት ያለው ሞክሼም «ኩንማናራ» ይባላል፤ ስሙ የማይጠራ እንደ ማለት ነው። ሐዘኑ ሲበርድ የሟቿ ልጅ «ከእንግዲህ ይጠራ» ብላ ስሙን ትለቃለች። እስከዚያ እሷን መጠየቅ ነውር ነው።

ልጅቱ መጀመሪያ ብዙም አልከፋትም። በሰፈራችን አራት ኩንማናራዎች አሉ፤ ሱቅ በር ላይ ሲጠራ አራቱም ብድግ ይላሉ። አንድ ጊዜ ለኳስ ተጫዋቹ ኩንማናራ የመጣው ጫማ ለእሷ ተሰጥቶ፣ ጫፉን በጨርቅ ጠቅጥቃ ሁለት ቀን ስትንጎማለልበት ሰነበተች።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ግን ከበረሃችን ርቃ ባለችው አደሌድ ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት ልትገባ ሆነ። ሰኞ ልትሄድ ሐሙስ ዕለት አጠገቤ ተቀምጣ በእግሯ አውራ ጣት አሸዋውን ትጭር ጀመር።

«አያቴ፣ እዚያ ያሉት እኮ ኩንማናራ እውነተኛ ስሜ ይመስላቸዋል።»

«ይምሰላቸዋ!»

«ቆይቶ ለእኔም ቢመስለኝስ? ፓንጂቲን ጠይቂልኝ።»

ፓንጂቲ የሟቿ ልጅ ናት። እኔ ሱቅ ገብቼ ጨው የት እንዳለ መጠየቅ የማፍር ሰው ነኝ። ቢሆንም እሺ አልኳት።

ስሙን ያወጣችላት ራሷ ሟቿ ነበረች። ልጅቱ ገና በማኅፀን ሳለች፣ ከደረቁ ወንዝ ዳር ከሙልጋ ዛፎች ሥር ሆዳቸው ማር የሞላ ጉንዳኖች ስንቆፍር፣ አሮጊቷ አንዱን ለእናትየዋ አጎረሰቻት። ፅንሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተራገጠው ያኔ ነው። «ማሩን ወዳዋለች፤ የእኔን ስም ትውሰድ፣ ለሁለታችንም ይበቃል» አለች። ስሟ የዚያ ጉንዳን ስም ነበር። እሷ ከሞተች ወዲህ ጉንዳኑንም «የመሬት ጣፋጭ» ነው የምንለው።

ቅዳሜ ወደዚያው ቦታ ሄድን። ቶዮታውን የነዳው ከአራቱ አንዱ፣ ሽማግሌው ኩንማናራ ነው። ፓንጂቲ ቀጭን ሣር በቀዳዳው እየሰደደች የጉንዳኖቹን መንገድ ተከትላ ትቆፍራለች፣ እኔ አፈሩን በጣሳ እዝቃለሁ፣ ልጅቱ ገበቴውን ይዛ እኔን እኔን ታያለች። ሦስት ጊዜ ልናገር ሞከርኩ። በመጀመሪያው ውሃ ጠየቅኩ፣ በሁለተኛው ፀሐዩ ከረረ አልኩ፣ በሦስተኛው ጣሳዬን አራገፍኩ።

«ዛሬ ምን ነካሽ?» አለች ፓንጂቲ። «እንደ ወፍ ጫጩት አፍሽን ትከፍቻለሽ፣ ትዘጊያለሽ። ላጉርስሽ እንዴ?»

ይህን ብላ በጭንቅላቷ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። ከውጭ የሚታየው እግሯ ብቻ ነበር። ትንሽ ቆይታ ከታች ጮኸች።

«የጎጇቸው ጣራ ሙሉ ነው፣ ተንጠልጥለዋል! ኧረ አፈሩ ሊናድ ነው! ጃላ! ጃላ፣ ገበቴውን ቶሎ በይ!»

«አቤት!» ብላ ልጅቱ ዘለለች። ከዚያ ባለችበት ደርቃ ቀረች።

ሁላችንም ደረቅን። ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ። የፓንጂቲ እግሮችም ቀጥ አሉ፤ ቆይተው መንቀጥቀጥ ጀመሩ። አለቀሰች ብዬ እየተጨነቅኩ ቁርጭምጭሚቷን ይዘን ጎተትናት። ፊቷ ቀይ አፈር ለብሷል፤ እንባዋ በአፈሩ ላይ ሁለት መስመር አውጥቷል። ግን ትስቃለች። ጉንዳኖቹንም ከመዳፏ አልለቀቀችም።

«እናቴም እንዲሁ ነበረች፤ ለምን እንደተፈለገች ሳትሰማ አቤት ነው» አለች። «አራት ዓመት ሙሉ ይህን ስም የሰማሁ ቀን እሞታለሁ ስል ነበር። ይኸው፣ ራሴው ጠርቼው አልሞትኩም። እንዲያውም ርቦኛል።»

አንዱን ጉንዳን በጭንቅላቱ ይዛ ወደ ልጅቱ አፍ አስጠጋች። «እንኪ፣ ጃላ።»

ማሩ በአገጯ ወረደ።

«የእኔንስ ስም ማን ይለቅልኛል?» አለ ሽማግሌው።

«የአንተንማ ረስተነዋል! በዚያው ኩንማናራ ሆነህ ኑር።»

ፓንጂቲ ይህን ብላው ወደ እኔ ዞረች። «ልትጠይቂኝ ነበር አይደል?»

መሬት መሬቱን እያየሁ «አዎ» አልኩ።

«አንቺን ብትጠብቅ ኖሮ ልጅቱ ያለ ስም ታረጅ ነበር!»

ሰኞ ትንሿ አውሮፕላን ስትመጣ ሰፈርተኛው ሁሉ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ሰው ሁሉ ያለ ምክንያት ይጠራታል። «ጃላ፣ ውሃ ይዘሻል?» «ጃላ፣ የጫማሽ ክር ተፈቷል!» አልተፈታም። እሷ ግን በእያንዳንዱ ጥሪ ዞር እያለች አቤት ትላለች። ፓይለቱ ሰዓቱን ያያል።

እኔም ከኋላ ሆኜ ጠራኋት። ድምፄ ትንሽ ነው፣ ሞተሩም ተነሥቷል፤ አትሰማኝም ብዬ ነበር።

«አቤት፣ አያቴ!» አለች ከደረጃው ላይ።

የምነግራት ነገር አልነበረኝም። ልጠራት ብቻ ነበር።